የስለት ወንጀልና የሸንጎ ቴአትር፦ ወጣቶችን ስለማስገንዘብ

የማኅበረሰብ ቴአትር ሲነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን መልእክት ማስተላለፍ ነው። እኔም እንዲሁ አስብ ነበር። ከብዙ ዓመታት በፊት ለአንድ ትምህርት ቤት ስለ ሰንጢ ጠንቅ አጭር ተውኔት ጽፌ አዘጋጀሁ። ታሪኩ ቀላል ነው፤ ሁለት ጎረምሶች ይጣላሉ፣ አንዱ ሰንጢ ይመዛል፣ ሌላው ይወድቃል፣ እናት ታለቅሳለች። ቀይ ቀለም አልቆጠብንም። ትርኢቱ አብቅቶ ወደ ግቢው ስወጣ ግን ተማሪዎቹ እየተሳሳቁ የሚያስመስሉት የገዳዩን አረማመድ ነበር። የእናቲቱን ልቅሶ ያስታወሰ አልነበረም። ላስጠነቅቅበት የፈለግሁትን ሰው ጀግና አድርጌው ኖሯል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ለምን እንደሚሆንና ከዚህ የተለየ ምን ዓይነት አሠራር እንዳለ ማስረዳት ነው።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከትልሙ ነው። በእንዲህ ያለ ተውኔት ድርጊት ያለው ስለት በያዘው እጅ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት የመጣባቸውን ከመቀበል በቀር የሚሠሩት የላቸውም። ተመልካች ደግሞ ድርጊት ያለውን ይከተላል። በተጨማሪም ስለት የሚይዝ ወጣት ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ፈርቶ ነው። ለፈራ ልጅ ደም ማሳየት ፍርሃቱን ያብስበታል እንጂ ስለቱን አያስጥለውም፤ «ሌላው ከያዘ እኔስ ባዶ እጄን ልሂድ?» ያሰኘዋል።

ቴአትርን ለወጣቶች ትምህርት በተደራጀ መልክ የማዋል ሥራ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1965 በኮቨንትሪ ከተማ በቤልግሬድ ቴአትር ተጀመረ። ተመልካቹን ከወንበሩ አስነሥቶ መድረክ ላይ ያወጣው ግን ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦዋል (እ.ኤ.አ. 1931-2009) ነው። ቦዋል እ.ኤ.አ. በ1973 በፔሩ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲሠራ፣ ተመልካች ምክር ከሚሰጥ ይልቅ ራሱ ገብቶ ቢጫወተው የበለጠ እንደሚማር ተገነዘበ። ከዚህ የወጣው አሠራር «ፎረም ቴአትር» ይባላል፤ በአማርኛ «የሸንጎ ቴአትር» ብንለው ያስኬዳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ አጭር ተውኔት ይቀርባል፤ መጨረሻውም ክፉ ይሆናል። ቀጥሎ ያው ተውኔት እንደገና ይጀመራል፤ በዚህ ጊዜ ግን ማንኛውም ተመልካች «ቁም!» ብሎ ሊያስቆመው ይችላል። ያስቆመው ሰው በዋናው ገጸ ባሕርይ ቦታ ገብቶ የመሰለውን ያደርጋል፤ ሌሎቹ ተዋንያን ግን በቀላሉ አይረቱለትም። በመድረኩና በአዳራሹ መካከል ሆኖ የሚመራ ሰው አለ፤ ቦዋል «ጆከር» ይለዋል፣ እኛ አጋፋሪ እንበለው። አጋፋሪው ይጠይቃል እንጂ አይፈርድም።

እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ውስጥ በአንድ የወጣቶች አዳራሽ ይህን አይቻለሁ። ተውኔቱ ከእናቱ የወጥ ቤት መሳቢያ ቢላዋ ወስዶ ስለሚወጣ የ15 ዓመት ልጅ ነበር። መጀመሪያ የተነሡት ወንዶች ልጆች ሁሉ ያስቆሙት መጨረሻው ላይ፣ መንገድ ላይ ነው። አንዱ ሊሮጥ ሞከረ፣ ሌላው ሊያግባባ፤ አልሆነላቸውም። በኋላ አንዲት ልጅ ገና መሳቢያው ሳይከፈት «ቁም!» አለች። የጓደኛውን ቦታ ይዛ «ማንን ነው የፈራኸው?» ስትለው ተዋናዩ መልስ አጣ። ያን ጊዜ ከኋላ አንድ ልጅ «ባልይዝስ? እነሱ ይዘው ቢመጡስ?» ሲል ጮኸ። አጋፋሪው አልተቆጣም፤ «ና፣ አሳየን» አለው። ያን ትዕይንት አራት ጊዜ ተጫወቱት። እኔ በአንድ ሰዓት ስብከት ላስነሣው ያልቻልኩትን ጥያቄ ልጁ ራሱ አነሣው።

እዚህ ላይ ዕውቀትም ያስፈልጋል። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ምላጩ ከ3 ኢንች (7.62 ሳንቲ ሜትር) የማይበልጥ ታጣፊ ሰንጢ ካልሆነ በቀር ያለ በቂ ምክንያት ስለት ይዞ በአደባባይ መገኘት ወንጀል ነው፤ ቅጣቱም እስከ 4 ዓመት እስራት ይደርሳል። «ራሴን ለመከላከል ነው» ማለት እንደ በቂ ምክንያት አይቆጠርም። አጋፋሪው ይህን የነገራቸው ከጨዋታው በኋላ ነበር፤ ጥያቄው የራሳቸው ስለነበረ በጥሞና አዳመጡት።

ሆኖም ቴአትር ብቻውን አይበቃም። በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2005 በግላስጎው የተቋቋመው የዓመፅ መቀነሻ ክፍል ዓመፅን እንደ ሕዝብ ጤና ጉዳይ ይዞ ፖሊስን፣ ሐኪምን፣ መምህርንና የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኛን በአንድነት አሰልፏል። ከትርኢቱ በኋላ ልጁ ፍርሃቱን የሚነግረው ሰው ከሌለ፣ መድረኩ የከፈተውን ቁስል ክፍት ትቶ መሄድ ይሆናል። የአካባቢውን ሟች ታሪክ እንዳለ መድረክ ላይ ማውጣትም ተገቢ አይደለም፤ ቤተ ሰቡ አዳራሹ ውስጥ ሊኖር ይችላልና። እውነተኛ ስለትም ለልምምድ እንኳ መግባት የለበትም።

ይህ አሠራር ለእኛ ፍጹም እንግዳ አይመስለኝም። በጥንቱ ሙግታችን ተካሳሽና ከሳሽ መንገደኛውን ዳኛ አድርገው፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ቆመው «በላ ልበልሃ» ይባባሉ ነበር። ከዳር የቆመውም በነገሩ ይገባ ነበር። የቃል ሙግት ባለበት እጅ ወደ ስለት የሚሄድበት ምክንያት ይቀንሳል። ተውኔት የምንጽፍና የምናስተምር ሰዎች ከዚህ ልንማር የምንችል ይመስለኛል። እኔ ያን የድሮ ተውኔቴን ዛሬ ብጽፈው ቀዩን ቀለም ትቼ ከመሳቢያው እጀምር ነበር፤ መጨረሻውንም ለተማሪዎቹ እተውላቸው ነበር።