ልጆች በእንግሊዝኛ ቀላል መጽሐፍ ያንብቡ

የአገራችን ልጆች እንግሊዝኛን ከታች ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይማሩታል፤ ቢዘገይ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ግን ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእሱ ይሆንባቸዋል። እስከዚያ ድረስ ብዙዎቹ ከመማሪያ መጽሐፋቸው ሌላ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር አያነቡም። ውጤቱ ሲከፋ ሰዋስው ይጨመርላቸዋል። የጎደላቸው ግን ሰዋስው ሳይሆን ወደውት የሚያነቡት፣ በርከት ያለ ቀላል ታሪክ ይመስለኛል።

ለዚህ ጠንካራው ማስረጃ የመጣው ከፊጂ ነው። ዎሪክ ኤሊ እና ፍራንሲስ ማንጉብሃይ እ.ኤ.አ. በ1980 በጀመሩት ጥናት፣ እንግሊዝኛ የቤታቸው ቋንቋ ላልሆነ የገጠር ተማሪዎች በየክፍሉ 250 ያህል ባለ ሥዕል የታሪክ መጻሕፍት አቀረቡ። በከፊሎቹ ክፍሎች መምህሩ ከልጆቹ ጋር እያነበበ ያወያያቸዋል፤ በሌሎቹ ልጆቹ የመረጡትን ለየራሳቸው ያነባሉ። ለማነጻጸሪያ የተያዙት ክፍሎች በተለመደው የዓረፍተ ነገር ልምምድ ቀጠሉ። ከስምንት ወር በኋላ አንባቢዎቹ በንባብና በማዳመጥ ከተለመደው እጥፍ ያህል ተራመዱ፤ በሁለተኛው ዓመት ብልጫው ወደ ጽሑፍም ተሻገረ። ንባብ የሰዋስውን ጊዜ ይሻማል ለሚሉ መልሱ እዚህ አለ፤ ጊዜውን ቢሻማም ልጆቹ አልጎደሉም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ልጅ አንድን ቃል ደጋግሞ፣ በተለያየ ቦታ ሲያገኘው ትርጉሙም አገባቡም ይገባዋል። ይህ የሚሆነው ግን መጽሐፉ ሲቀል ነው። የቋንቋ ተመራማሪው ፖል ኔሽን ያለ እርዳታ ለማንበብ ከ100 ቃላት 98 ያህሉን ማወቅ እንደሚያስፈልግ ያስረዳል። በየመስመሩ መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ልጅ ታሪኩ ያመልጠዋል። ስለዚህ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ለሁለተኛ ክፍል የተጻፈ ቢያነብ ነውር የለውም፤ ብዙ ጊዜ የሚያፍረው ልጁ ሳይሆን ወላጁ ነው።

«መጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ያንብብ» የሚለው ተቃውሞ ግን ሚዛን ይደፋል። በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ማንበብ ያልቻለን ልጅ በእንግሊዝኛ ማስጀመር ድካሙን እጥፍ ማድረግ ነው። ሆኖም ማንበብ የቻለ ልጅ ችሎታውን ይዞ ይሻገራል፤ ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን የያዙ መጻሕፍትም መሸጋገሪያ ይሆኑታል። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የልጆች መጽሐፍ ያሳተመው፣ በሐዋሳም በአህያ የሚጎተት ቤተ መጻሕፍት ያንቀሳቀሰው ለዚሁ ንባብ ሲል ነው። የዋጋው ነገርም ቢሆን አንድ መጽሐፍ በአርባ ልጅ እጅ ሲዞር ይቀላል። ከባዱ መጻሕፍቱን ቆልፎ የማስቀመጥ ልማድ ነው፤ እንዳይቀደዱ ተብሎ ሳይነበቡ ያረጃሉ።