የጋራዥ ወለል ለኤፖክሲ ቅብ አዘገጃጀት

የጋራዥ ወለል ብዙ ጉዳት ይደርስበታል። ከባድ ተሽከርካሪ ይመላለስበታል፤ ዘይትና ናፍጣ ይፈስበታል፤ መፍቻና መዶሻ ይወድቅበታል። ስለዚህም የኮንክሪቱ ወለል እንዳይቦረቦርና ቅባት እንዳይመጠው ኤፖክሲ የተባለው ጠንካራ ቅብ ይቀባል። ኤፖክሲ ከሙጫና ከማጠንከሪያ የሚዘጋጅ ነው፤ ሁለቱ በተደባለቁ ጊዜ ሙቀት እየሰጡ ይዋሐዱና ጠጣር ይሆናሉ። ይሁን እንጂ ቅቡ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን የሚጸናው ወለሉ በሚገባ የተዘጋጀ እንደሆነ ብቻ ነው። አለዚያ ሳይቆይ እየተቀረፈ ይነሣል፤ የወጣበትም ገንዘብና ድካም ከንቱ ይቀራል።

ኮንክሪት ለዓይን ድፍን መስሎ ቢታይም እጅግ ደቃቅ ቀዳዳዎች አሉት። ኤፖክሲ ወለሉን አጥብቆ የሚይዘው ወደነዚህ ቀዳዳዎች ሰርጎ ሲገባ ነው። ቀዳዳዎቹን አቧራ፣ ቅባት ወይም ውሃ ከሞላቸው ቅቡ የሚጨብጠው ነገር ያጣል። ከዚህም በላይ ኮንክሪት ሲለሰን ውሃና ደቃቅ ሲሚንቶ ወደ ላይ ወጥተው ስስና ደካማ ቅርፊት ይሠራሉ። በዚህ ቅርፊት ላይ የተቀባ ኤፖክሲ ከነቅርፊቱ ተገንጥሎ ይነሣል።

የዝግጅቱ የመጀመሪያ ተግባር እርጥበትን መመርመር ነው። አዲስ የፈሰሰ ኮንክሪት ቢያንስ 28 ቀን ሊቆይ ይገባዋል። አሮጌ ወለልም ቢሆን ከሥሩ ካለው መሬት እርጥበት ሊስብ ይችላል። ለምርመራው ወርዱም ቁመቱም 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ ወለሉ ላይ ይነጠፍና ዙሪያው አየር እንዳያስገባ ሆኖ በፕላስተር ይለጠፋል። ከ16 ሰዓት በኋላ ሲገለጥ ላስቲኩ ጠል ከቋጠረ ወይም ወለሉ ከጠቆረ ለመቀባት ጊዜው አልደረሰም።

ቀጥሎ ዘይትና ግራሶ ያረፈበት ቦታ በቅባት ማስለቀቂያና በሙቅ ውሃ እየተፈተገ ይታጠባል። ይህ ከመፋቅ በፊት መደረግ አለበት፤ አለዚያ መፋቂያው ቅባቱን ወደ ንጹሑ ክፍል ያዳርሰዋል። ከዚያም ደካማው ቅርፊት በመፋቂያ መኪና ይነሣል። ወለሉ ሲዳሰስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት መሻከር ይኖርበታል። ከኮንክሪት የሚነሣው ብናኝ ሲሊካ የተባለ ማዕድን ስላለበት ሳንባን ክፉኛ ይጎዳል። በመሆኑም ሠራተኛው ተገቢውን የአፍና የአፍንጫ መከላከያ ሳያደርግ ሥራውን መጀመር የለበትም።

መፋቂያ መኪና በማይገኝበት ቦታ በውሃ የተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይፈስበታል። አሲዱ ሲሚንቶው ውስጥ ካለው ኖራ ጋር ሲገናኝ አረፋ እያወጣ ቅርፊቱን ይበላዋል፤ ቅባትን ግን አያስለቅቅም። በሚበረዝበት ጊዜ አሲዱ በውሃው ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃው በአሲዱ ላይ አይጨመርም። ይህ ሕግ ቢጣስ ድብልቁ በድንገት ግሎ ወደ ፊትና ወደ ዓይን ሊፈናጠር ይችላል። ጓንትና መነጽር ማድረግ፣ በርና መስኮትም መክፈት ግዴታ ነው። በመጨረሻ የአሲዱን ኃይል ለማብረድ ቢካርቦኔት ሶዳ የሟሟበት ውሃ ይፈስበትና ወለሉ በንጹሕ ውሃ ተደጋግሞ ይታጠባል።

ወለሉ ከደረቀና ስንጥቆቹ ከተሞሉ በኋላ በልዩ ልዩ ቦታ ውሃ ጠብ ይደረግበታል። ጠብታው ወዲያው ከሰረገ ወለሉ ተዘጋጅቷል፤ ድቡልቡል ሆኖ ከቆመ ግን ቅባት ወይም ሌላ እድፍ ስላለ እጥበቱ ይደገማል። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» እንደሚባለው፣ ለዝግጅት የሚሰጠውን ጊዜ የቆጠበ ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ለመሥራት ይገደዳል።

ጥያቄዎች
1. ኤፖክሲ ወለሉን አጥብቆ የሚይዘው እንዴት ነው?
2. ቅባት ከመፋቅ በፊት የሚታጠበው ስለ ምንድን ነው?
3. አሲድ በሚበረዝበት ጊዜ ምን ዓይነት ጥንቃቄ ያስፈልጋል?