ወጣትን የሚይዝ የወገብ ሕመም

ወገብ የሚያመው ሽማግሌን ነው ሲባል ሰምተን ስላደግን፥ አንድ የ25 ዓመት ወጣት «ወገቤን ይቈረጥመኛል፥ ሰውነቴም ይዝላል» ሲል ለማመን እንቸገራለን። በመሥሪያ ቤትማ እንዲህ ያለው ሰው ስሙ ሰነፍ ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ዓምድ የሕመሙን ምክንያቶች ለመግለጽ ወደድን።

ወገቡን የሚያመው ወጣት አብዛኛውን ጊዜ የተጐዳው ጡንቻው ወይም ጅማቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ጐብጦ የሚጽፍ፥ ወይም ከባድ ሸክም በድንገት ብድግ የሚያደርግ ሰው ይህ ያገኘዋል። ምልክቱም ሲሠሩ መባስ፥ ሲያርፉ መሻል ነው፤ ብዙ ጊዜም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለቃል። ቀድሞ ሐኪሞች «ተኛ» ይሉ ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙ ቀን በአልጋ ላይ መዋል ጡንቻን ስለሚያደክም፥ በሽተኛው በተቻለው መጠን እንዲንቀሳቀስ ይመክራሉ።

ጠባዩ ከዚህ ጋር የሚቃረን ሌላ ሕመም አለ፤ ይኸውም ሲያርፉ የሚብስ፥ ሲንቀሳቀሱ የሚሻል ነው። ቀስ ብሎ ይጀምርና ከሦስት ወር በላይ ይቈያል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል፤ ጧትም ወገብ እንደ እንጨት ደርቆ ለመፍታታት ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። መነሻው የአከርካሪና የዳሌ መጋጠሚያዎች ብግነት፥ ማለት መቈጣት ነው። ሐኪሞች አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይቲስ የሚሉት በሽታ ከዚህ ወገን ሲሆን፥ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ45 ዓመት በታች ነው። ድካሙም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ ብግነቱ ሰውነትን ያዝላል፥ እንቅልፍንም ይነሣል። ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረ ሰው ቀን በጠረጴዛው ላይ ቢያንቀላፋ ምን ይፈረድበታል? በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ራጅ ምንም ላያሳይ ስለሚችል፥ «ደኅና ነህ» ተብሎ የተመለሰ ወጣት ሕመሙ ካልተወው እንደገና ይመርመር። ሳይታከም ቢቈይ አከርካሪው እየተጣበቀ ሊደርቅ ይችላል፤ በጊዜው ከታወቀ ግን መድኃኒትና የየዕለት የሰውነት እንቅስቃሴ ብዙ ይረዱታል።

በአገራችንና በጎረቤቶቿ ደግሞ ሊዘነጉ የማይገባቸው ሁለት ተላላፊ በሽታዎች አሉ። አንደኛው ብሩሴሎሲስ ነው። ተሕዋሱን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1887 ዓ.ም. በማልታ ደሴት ያገኘው ዴቪድ ብሩስ የተባለ የብሪታንያ ጦር ሐኪም ነበር። በሽታው ባልተፈላ የፍየል፥ የላምና የግመል ወተት ይተላለፋል፤ የሚመላለስ ትኩሳት፥ ላብ፥ ድካምና የወገብ ሕመም ያመጣል። ለሥራ ወደ አርብቶ አደር አገር የወረደ ሹም ወተት ሲቀርብለት እምቢ ማለት ነውር ይሆንበታል፤ እኛም እምቢ ይበል አንልም፤ ተፈልቶ በሻይ እንዲሰጠው ቢለምን ግን ባለቤቶቹ የሚቀየሙ አይመስለንም።

ሁለተኛው የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ በደም ተጉዞ በአከርካሪ አጥንት ላይ ሲያርፍ የሚመጣው ነው። ሳል ላይኖር ይችላል፤ መክሳት፥ የማታ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ግን ያስጠረጥራሉ። ለብዙ ወራት መድኃኒቱን ሳያቋርጡ በመውሰድ ይድናል።

የኩላሊት ሕመምም ወገብን ያሳምማል፤ ይህ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ጐን ሆኖ ከሽንት ማቃጠል ወይም ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ይመጣል። እግር ከዛለ፥ በጭኖች መካከል ከደነዘዘ፥ ወይም ሽንት ከታገደ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።

ከዚህ ውጭ ወደ ሐኪም የሚሄድ ወጣት፥ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፥ በስንት ሰዓት ከእንቅልፍ እንደሚቀሰቅሰው፥ ሲራመድ ይሻለው ወይም ይብስበት እንደ ሆነ፥ ያልተፈላ ወተትም ጠጥቶ እንደ ሆነ በወረቀት ጽፎ ይዞ ይሂድ፤ ሐኪሙ ራጁን ከማየቱ በፊት ከዚህ ወረቀት ብዙ ነገር ይረዳል።