ልጆቿን በአፏ የምትሸከም ዓሣ

አዋሽ ረጅም ወንዝ ነው። ከደጋው፣ ከጊንጪ አካባቢ ይነሳል። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ቆቃን ያልፋል። አዋሽ ከተማን ያልፋል። በገዋኔ፣ በዱብቲና በአሳይታ በኩል ይወርዳል። ባሕር ግን አይደርስም። በአፋር ምድር፣ በጅቡቲ ድንበር ላይ፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል።

በመንገዱ ላይ ውሃው የሚጠራቀምባቸው ቦታዎች አሉ። ከአሳይታ ወዲያ ገመሪና አፋምቦ የሚባሉ ሐይቆች ይገኛሉ። እነዚህ የተፈጥሮ ናቸው። ሰው የሠራቸውም አሉ። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ ኃይል ተገደበ። ከሰመራና ከሎግያ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ የተንዳሆ ግድብ አለ። እሱ የተሠራው ለሸንኮራ አገዳ መስኖ ነው። ለዓሣ ብሎ የገደበው የለም። ግን ውሃ ካለ ዓሣ አይጠፋም። ዛሬ በተንዳሆ ሐይቅ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች አሉ።

በዚህ ውሃ በብዛት የሚገኙት ሦስት ዓይነት ዓሣዎች ናቸው። አንደኛው ቆሮሶ ነው። ሁለተኛው አምባዛ ነው፤ ጺም አለው፣ ቅርፊት የለውም። ሦስተኛው ነጭ ዓሣ ነው። አርብቶ አደሩ የኖረው በወተትና በሥጋ ነው። ዓሣ ብዙ አይበላም ነበር። ዓሣውን ይበልጥ የሚፈልገው የከተማው ሰው ነው። በተለይ በዐቢይ ጾም ዋጋው ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ዐቢይ ጾም የሚውለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። በአፋር የትንሹ ዝናብ ወቅት፣ ሱጉም የሚባለውም ያኔ ነው። ውሃው ይሞቃል። ዝናብ ከጣለ ዳር ዳሩ ይለመልማል። ቆሮሶ በሞቃት ውሃ ውስጥ በማንኛውም ወር ሊራባ ይችላል፤ ሙቀትና ዝናብ ሲገናኙ ግን ይበረታል። ገበያው ዓሣ በሚጠራበት ጊዜ ዓሣው ልጅ በማሳደግ ላይ ነው ማለት ነው።

ቆሮሶ እንዴት ይራባል? ወንዱ ጥልቀት ወደሌለው ውሃ፣ ወደ ዳር ይመጣል። አሸዋውን እየጫረ እንደ ሳህን ክብ ጎድጓዳ ቦታ ይሠራል። ሴቷ መጥታ እዚያ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሏ ብዙ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ነው። ከዚያ ምን ታደርጋለች? እንቁላሉን ለቅማ በአፏ ትይዘዋለች። በአፏ ውስጥ ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ ከወጡም በኋላ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ይህ ሁሉ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። በዚያ ጊዜ እናት በደንብ አትበላም። አፏ ልጅ ይዟል እኮ! እንዴት ትብላ?

እንግዲህ መንጠቆና መረብ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። መንጠቆ የሚይዘው የራበውን ዓሣ ነው። ልጅ የያዘች እናት ትሉን አይታ ታልፈዋለች። መረብ ግን አይመርጥም። እናቲቱንም ይይዛል። ስትያዝ ደንግጣ አፏን ትከፍታለች፤ ያለው ሁሉ ይፈስሳል። አንዲት እናት ተይዛ ሁለት ሦስት መቶ ልጅ ሊጠፋ ይችላል። አሁን ገበያ የሚሸጠው አንድ ዓሣ ነው፤ የጠፋው ግን የመጪው ዓመት ነው።

ይህ ነገር የተንዳሆ ብቻ አይደለም። ወደ ጣና እንሂድ። በጣና ነጭ ዓሣ የሚባሉ ብዙ ዓይነት ዓሣዎች አሉ። ከእነሱ ብዙዎቹ በክረምት ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎችም ወንዞች ይገባሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት በጠጠር ላይ ነው። ድሮ ዓሣ የሚጠመደው በደንገል ታንኳ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ። ብዙ አጥማጅ መረቡን በወንዝ አፍ ላይ ዘረጋ። ዓሣው በዚያ ማለፉ አይቀርምና ሥራው ቀላል ነበር። ምን ሆነ? ተመራማሪዎች በ1983 እና በ1993 ዓ.ም. የያዙትን አነጻጸሩ። የነጭ ዓሣው ብዛት ከአራት እጅ ሦስት እጁ ያህል ቀንሶ ነበር። የብርብራ ፍሬ ፈጭቶ ውሃ ውስጥ የሚበትንም ነበር። ብርብራ ትልቁንም ትንሹንም አንድ ላይ ይገድላል።

በአሜሪካም ነጭ ባስ የሚባል ዓሣ አለ። በመጋቢት ገደማ፣ ብርዱ ሲለቅ፣ ከሐይቅ ወደ ወንዝ ይወጣል። ያኔ አባትና እናት ልጆቻቸውን ይዘው፣ ጀልባ ላለው ውሃ አዋቂ ከፍለው፣ ዓሣ ለመያዝ ይወጣሉ። የዚያ ዓሣ እንቁላል በመቶ ሺህ ይቆጠራል። እንደዚያም ሆኖ በቴክሳስ በብዙዎቹ ሐይቆች አንድ ሰው በቀን ከ25 በላይ መያዝ አይፈቀድለትም። የእኛ ቆሮሶ እንቁላሏ በመቶ ነው። የማን መቆጠር አለበት? አንባቢ ይፍረድ።

ቤተሰብ ይዞ ወደ ሐይቅ መሄድ በእኛም አገር ጥሩ ነገር ነው። ልጅ ሥራ ይለምዳል፤ ለቤትም ወጥ ይገኛል። ነገር ግን ውሃውን ከሚያውቅ አጥማጅ ጋር ይኬድ። እሱ ቆሮሶ ጎድጓዳውን የሠራው የት እንደሆነ ያውቃል፤ ከዚያ ራቅ ብላችሁ እንድትጥሉ ያደርጋችኋል። የሚያስፈልገው ዕቃ ትንሽ ነው። ጠንካራ የናይሎን ክር፣ ትንሽ መንጠቆ፣ ክሩን የሚያሰምጥ ክብደት፣ ከላይ የሚንሳፈፍ ቡሽ። ለቆሮሶ ትል ወይም ሊጥ ይበቃል። ጠዋት ከሙቀቱ በፊት ይሻላል። ለመሸጥ የሚያጠምድ ሰው ግን ፈቃድ ማውጣት አለበት። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ አዋጅ ቁጥር 315 እንዲህ ይላል።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። ከአዋሽ የሚወጣው ዘንዶ አይደለም፤ አዞ ነው። ልጆች ከውሃው ዳር ራቅ ብለው ይቀመጡ። ማንም ሰው ውሃ ውስጥ ቆሞ አያጥምድ። በተለይ ሲመሽ አደገኛ ነው። የዓሣውን ሆድ ዕቃ ዳር ላይ መጣል አዞውን መጥራት ነው። ሌላም ነገር አለ። በአዋሽ ሸለቆ ቢልሃርዝያ የሚባል በሽታ አለ። በሽታው የሚመጣው ቀንድ አውጣ ካለበት ውሃ ነው፤ በቆዳ ይገባል። ልጅ በረጋ ውሃ ውስጥ አይጫወት።

ጉንጯ ያበጠ ወይም እንቁላል የምትተፋ ቆሮሶ ከተያዘች ሳትቆይ ወደ ውሃው ትመለስ። እጅን አርጥቦ መያዝ ደግ ነው፤ ደረቅ እጅ ቆዳዋን ይጎዳል። ጣት የምታህለውም ትመለስ፤ ለወጥ አትሆንም፣ ብታድግ ግን ትሆናለች።

የቀረው ዓሣ ቶሎ ይታረድ። የሰመራ ሙቀት ጊዜ አይሰጥም። ጠዋት የተያዘ ዓሣ ፀሐይ ላይ ከዋለ ከሰዓት በኋላ ይሸታል። በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ጥላ ሥር ይቀመጥ። ሆድ ዕቃውና ጉሮሮው ወጥቶ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። የዕለቱን በልቶ ለሚተርፈው፣ አፋር ጨው አያጣም። ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ ይዘርጋ፤ ጨው ይነስነስበት፤ ዝንብ እንዳያርፍበት ቀጭን ጨርቅ ይልበስ፤ ከመሬት ከፍ ባለ ገመድ ላይ ይሰቀል። በዚያ ፀሐይ ሁለት ሦስት ቀን ያህል ይበቃዋል።