ከነዳጁ በፊት አየሩ፦ በአዲስ አበባ ዳገት የናፍጣና የቤንዚን ቅንጡ መኪና

በአዲስ አበባ ቅንጡ የመስክ መኪና ለመግዛት የተነሣ ሰው ናፍጣ ይሻላል ወይስ ቤንዚን የሚለውን ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው ከነዳጅ ዋጋና ከመለዋወጫ ወጪ አንጻር ነው፤ ከዚያ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ግን ሞተሩ በዚህች ከተማ ከፍታ ላይ የሚበቃውን አየር የሚያገኘው በምን መንገድ ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ወደ ፒያሳ የሚወጣው መንገድ ጉዳዩን ከማንኛውም የሽያጭ ማስታወቂያ በተሻለ ያስረዳል፤ ምክንያቱም ከድልድዩ ሽቅብ የሚነሣ መኪና ብዙውን ጊዜ ፍጥነት ይዞ የሚመጣ ሳይሆን በታክሲና በአውቶቡስ መካከል ቆሞ የነበረ በመሆኑ፣ ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን አካሉን በዝቅተኛ የሞተር ዙር ከቆመበት መሳብ ይኖርበታል።

የከፍታው ጣጣ ከመኪናው ታሪክ ጋር እኩል ዕድሜ ያለው ነው። ድልድዩ በስማቸው የሚጠራው የሐረሩ ገዥ ራስ መኮንን በ1898 ዓ.ም. ካረፉ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ እንግሊዛዊው ቢድ ቤንትሊ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣው ሲድሌይ መኪና ከጅቡቲ ጠረፍ ተነሥቶ አዲስ አበባ ገባ። በቤንዚን የሚሠራው ያ ሞተር ከባሕር ወለል ተነሥቶ 2,400 ሜትር ገደማ ወደሚደርስ ከፍታ ሲወጣ፣ ምንም ዕቃ ሳይሰበርበትና ምንም ነዳጅ ሳይጎድልበት፣ ከጉልበቱ ሩቡን ያህል መንገድ ላይ እንዳጣ ከአየሩ ግፊት በመነሣት ማስላት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ከዱባይ ተጭኖ በጅቡቲ በኩል የገባ ቅንጡ የነዳጅ መኪናም ለዚሁ ሕግ ተገዢ ነው።

ሕጉ እንዲህ ነው፦ ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ነዳጅን ከኦክስጅን ጋር በማቃጠል ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ሞተሩ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚስበው ኦክስጅን በዚያው መጠን ይቀንሳል። አየርን ያለ ምንም አጋዥ በፒስተኖቹ እንቅስቃሴ ብቻ የሚስብ ሞተር፣ ማለትም ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ጉልበቱ ከአየሩ ጋር አብሮ ይወርዳል። ለምሳሌ ዋይ62 በተሰኘው ትውልድ የወጣው ኒሳን ፓትሮል ቱርቦ የሌለው ባለ 5.6 ሊትር የቤንዚን ሞተር የያዘ ሲሆን፣ በፋብሪካው ወረቀት ላይ የተጻፈለት 400 የፈረስ ጉልበት ፒያሳ ሲደርስ ወደ 300 ገደማ ይጠጋል። ይህ ሞተር ከመነሻው ትልቅ ስለሆነ ጉድለቱን ይሸከመዋል፤ ብዙ የሚጎዱት ግን ከባድ አካል በትንሽ ሞተር የሚጎትቱት ናቸው።

ናፍጣና ቤንዚን የሚለያዩት ነዳጁ በሚቀጣጠልበት መንገድ ነው። በቤንዚን ሞተር ውስጥ አየርና ነዳጅ ተደባልቀው ወደ አንድ አሥረኛ ያህል ይጨመቁና በካንዴላ ብልጭታ ይለኮሳሉ፤ በናፍጣ ሞተር ግን አየሩ ብቻውን ከአሥራ አምስት እጥፍ በላይ ተጨምቆ እጅግ ሲግል ናፍጣው በኖዝል ይረጭበትና ያለ ብልጭታ በራሱ ይነዳል። ከፍተኛው መጭመቅ ከእያንዳንዱ ጠብታ የሚገኘውን ሥራ የሚያበዛ ከመሆኑም በላይ፣ አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከአሥር በመቶ የሚበልጥ ተጨማሪ ኃይል ስለሚይዝ፣ የናፍጣ መኪና በአንድ ሊትር ረዘም ያለ መንገድ ይጓዛል። በዚህ ላይ የዘመኑ የናፍጣ ሞተሮች ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ቱርቦ አላቸው። ቱርቦ በሚወጣው ጭስ ኃይል የሚሽከረከርና አየርን በግድ ወደ ሞተሩ የሚገፋ ማራገቢያ ሲሆን፣ ውጭ ያለው አየር የሳሳ ቢሆንም ወደ ውስጥ የሚገባውን በማመቅ ጉድለቱን በአብዛኛው ይሞላል።

ይህ ልዩነት በአዲስ አበባ እጅግ በተለመደው በፕራዶ ላይ በግልጽ ይታያል። 150 በተሰኘው ትውልድ ባለ 2.7 ሊትሩ ቤንዚን ሞተር ቱርቦ የሌለው ሲሆን፣ የመጠምዘዝ ጉልበቱ፣ ማለትም ጎማውን ከቆመበት የሚያንቀሳቅሰው ኃይል፣ በባሕር ወለል 246 ኒውተን ሜትር ነው፤ ያንንም የሚሰጠው የሞተሩ ዙር ወደ አራት ሺህ ሲጠጋ ነው። ባለ 2.8 ሊትሩ የናፍጣ ሞተር በአንጻሩ 450 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፤ ያውም ከ1,600 ዙር ጀምሮ። አንደኛው ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ላይ ለመነሣት መጮህ ሲኖርበት ሌላው በዝግታ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁለቱን ከውጭ የሚያያቸው ሰው ግን አንድ ዓይነት መኪና ይመስሉታል።

ከዚህ ተነሥቶ «ጉልበት ያለው ናፍጣ ነው» ብሎ መደምደም በገበያው ውስጥ የቆየ ልማድ ቢሆንም፣ ዛሬ ይህ አባባል እውነትነቱ ግማሽ ብቻ ነው። ዳገቱን ያሸነፈው ከናፍጣው ይልቅ ቱርቦው ነበርና፣ ቱርቦ ወደ ቤንዚን ሞተሮች ሲዛመት ልዩነቱ ጠበበ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ላንድክሩዘር 300 ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ባለ 3.3 ሊትሩ የናፍጣ ሞተሩ 700 ኒውተን ሜትር ሲሰጥ፣ ባለ 3.5 ሊትሩ የቤንዚን ሞተሩ ደግሞ 650 ይሰጣል፣ ሁለቱም ባለ ሁለት ቱርቦ ናቸው። በዚሁ መኪና ቱርቦ የሌለው ባለ 4 ሊትር የቤንዚን ሞተርም ለአንዳንድ አገሮች የቀረበ በመሆኑ፣ «ላንድክሩዘር 300 ቤንዚን» ተብሎ የሚቀርብለት ገዥ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሳይጠይቅ ዋጋ ላይ መነጋገር አይገባውም። ዋጋቸው ቢቀራረብም ዳገት ላይ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

የነዳጅ ዋጋን በተመለከተ ቀድሞ ለናፍጣ ያደላ የነበረው ሚዛን ተለውጧል። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ሲጀምር ናፍጣ ከቤንዚን በላይ ሆነ፤ በጥር 2015 ዓ.ም. ቤንዚን በአዲስ አበባ 61 ብር ከ29 ሳንቲም ሲሸጥ ናፍጣ 67 ብር ከ30 ነበር። በመስከረም 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በተደረገው ማሻሻያ ደግሞ ሁለቱም ወደ 90 ብር ገደማ ተጠግተው እኩል ለመሆን ጥቂት ቀራቸው። ስለዚህ ዋጋው እንዲህ ሲቀራረብ የናፍጣ ቁጠባ የሚገኘው ከማደያው ዋጋ ሳይሆን በሊትር ከሚጓዘው ርቀት ብቻ ሲሆን፣ በዓመት ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ለሚነዳ የከተማ ነዋሪ ይህ ቁጠባ አንድ ጊዜ የተበላሹ ኖዝሎችን ለመቀየር እንኳ ላይበቃ ይችላል።

ከዋጋው ይልቅ በብርቱ ሊታሰብባቸው የሚገቡት የነዳጁ ንጽሕናና የጭሱ ማጥለያ ናቸው። ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩ አዳዲስ የናፍጣ ሞተሮች በናፍጣው ውስጥ ያለው ድኝ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ10 እጅ እንዳይበልጥ ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ በጭስ መውጫቸውም ላይ ጥቀርሻን የሚይዝ ማጥለያ ተገጥሞላቸዋል። ይህ ማጥለያ የያዘውን ጥቀርሻ በየጊዜው በከፍተኛ ሙቀት አቃጥሎ ራሱን ማጽዳት አለበት፤ ለዚህም መኪናው ሳይቆራረጥ በጥሩ ፍጥነት ለሩብ ሰዓት ያህል መጓዝ ያስፈልገዋል። ጠዋት ከቤት ወደ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ፣ ማታ ተመልሶ ወደ ቤት ብቻ የሚሄድ መኪና ይህን ዕድል አያገኝም፤ ማጥለያው ይደፈናል፣ የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል፣ ሞተሩም ራሱን ለመጠበቅ ጉልበቱን ይቀንሳል። አንዳንድ ጋራዦች ማጥለያውን ቆርጠው በማውጣት ችግሩን «ይፈቱታል»፤ ይሁን እንጂ ይህ ሕፃናትና አረጋውያን በሚኖሩበት፣ ቤት ከቤት በተጠጋበት ሰፈር ውስጥ ያ ሁሉ ጥቀርሻ በሰው ሳንባ ውስጥ እንዲያርፍ መፍቀድ ነው። እንዲህ ዓይነቱን መኪና ማጥለያው ወጥቶለት መግዛት በጎረቤት ጤና ላይ የሚደረግ ቁጠባ በመሆኑ ሊወገዝ ይገባዋል።

የቤንዚን ሞተርም ከጥያቄ ነፃ አይደለም። ቱርቦ ያለው ቤንዚን ሞተር ከፍ ያለ ኦክቴን ይፈልጋል፤ ኦክቴን ቤንዚኑ ያለ ጊዜው በራሱ ከመቀጣጠል ምን ያህል እንደሚታገሥ የሚለካበት ቁጥር ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ማደያዎች ነጂው ከበርካታ ደረጃዎች የመምረጥ ዕድል የለውም። ቱርቦ የሌለው ሞተር ግን በሳሳ አየር ውስጥ የሚጨምቀው ድብልቅ ስለሚቀንስ ዝቅተኛ ኦክቴን እምብዛም አያስቸግረውም። ጉልበቱን የወሰደበት ከፍታ በዚህ በኩል ይክሰዋል ማለት ነው።

ታክስን በሚመለከት በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 የሚመለከተው የሞተሩን ይዘትና የመኪናውን ዕድሜ ስለሆነ፣ ናፍጣ ወይም ቤንዚን መሆኑ ለውጥ አያመጣም፤ አዋጁ ሲወጣ ከ1,800 ሲሲ በላይ የሆነ አዲስ መኪና 100 በመቶ ሲከፈልበት፣ ያረጀው እስከ 500 በመቶ ይደርስ ነበር። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ግን መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን ስላስታወቀ፣ የናፍጣና የቤንዚን ምርጫ ከሞላ ጎደል አገር ውስጥ ባሉት ያገለገሉ መኪናዎች መካከል የሚደረግ ምርጫ ሆኗል። ይህም የዓይነቱን ጥያቄ በአንዱ መኪና የጤና ጥያቄ ይተካዋል።

ለዚህ ምርመራ ደግሞ የፒያሳ ዳገት ይበቃል። ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ አድሮ ገዥው ባለበት መነሣት አለበት፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ቢጠብቀው የናፍጣ ሞተር ጠዋት ለመነሣት የሚያደርገው ትግል ይደበቃል። ከዚያም ከድልድዩ ሥር ተነሥቶ ሲወጣ ከኋላ ሆኖ ጭሱን የሚያይ ሰው ሊኖር ይገባል። ጥቁር ጭስ ናፍጣው ከአየሩ በመብለጡ የሚመጣ ሲሆን የተደፈነ የአየር ፊልትሮ፣ የደከመ ቱርቦ ወይም የሚያንጠባጥብ ኖዝል ያመለክታል፤ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ሲናገር፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተበልቶ ውኃ ወደ ውስጥ እየገባ እንደሆነ ያስጠረጥራል። በሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር መመሳሰሉንም ደላላው ሳይሆን ገዥው ራሱ ማመሳከር አለበት፤ በተለይ በናፍጣ መኪናዎች ሞተር ተቀይሮ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከዚህ በኋላ መኪናው ኑሮውን የሚያሳልፍበት መንገድ ይወስናል። በየጊዜው ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ ወደ ደጀን ለሚወጣ፣ ከዚያም አልፎ ጎጃምና ጎንደርን ለሚያዳርስ ሰው፣ ከፋብሪካው ማጥለያ ሳይገጠምለት የወጣ ወይም ማጥለያው ጤነኛ የሆነ ቱርቦ ናፍጣ ዛሬም የሚያህለው የለም፤ ረጅሙ ጉዞ ሞተሩን ያጸዳዋል፣ ቁጠባውም በእርግጥ ይታያል። ከአራት ኪሎ፣ ከፒያሳና ከቦሌ ለማይርቅ ሰው ግን ትልቅ ይዘት ያለው ቤንዚን ይሻላል። ያንን ያህል ነዳጅ ለመክፈል የማይፈልግ የከተማ ሰው ደግሞ አየር የማይተነፍሱትንና ስለዚህም 2,400 ሜትር ላይ ምንም የማይጎድልባቸውን የኤሌክትሪክ መኪናዎች በተመሳሳይ ዳገት ላይ ነድቶ ሳያይ ለትልቁ የቤንዚን መኪና ቀብድ ባይከፍል ይመረጣል።