ልጃችሁ «ድምፅ አለኝ» ሲላችሁ፦ የቶከን ምርጫ እንዴት ይሠራል?

ወላጆች፣ ልጆቻችን የክሪፕቶ ቶከን ገዝተው «ገንዘብ ብቻ አይደለም፣ በውሳኔም ድምፅ አለኝ» ሲሉ እየሰማን ነው። አልዋሹም። ድምፁ ስንት ይመዝናል ብለን ግን እንጠይቃቸው።

በብሎክቼይን ላይ ከተሠሩ አገልግሎቶች ብዙዎቹ ክፍያ ሲቀየር ወይም ከጋራ ካዝና ገንዘብ ሲወጣ ጉዳዩን ለቶከን ባለቤቶች ድምፅ ያቀርባሉ። በእድራችን ሀብታሙም ደሀውም አንድ አንድ እጅ ያወጣል። እዚህ የሚቆጠረው ሰው ሳይሆን ቶከኑ ነው። አሥር ያለው አሥር ድምፅ፣ ሚሊዮን ያለው ሚሊዮን።

ዩኒስዋፕ የተባለውን የክሪፕቶ መለዋወጫ እንውሰድ። በ2020 ዩኒ የሚባል ቶከኑን ሲያወጣ ብዛቱ 1 ቢሊዮን ሲሆን፣ 40 በመቶ ያህሉ ለሠራተኞቹ፣ ለባለሀብቶችና ለአማካሪዎች ተመድቧል። አንድ ሐሳብ እንዲያልፍ ቢያንስ 40 ሚሊዮን የድጋፍ ድምፅ ያስፈልገዋል። ሃምሳ ዩኒ የያዘ ልጅ ከዚህ አንጻር የት እንዳለ አስቡት። በዚያ ላይ ቶከኑን መያዝ ብቻውን አያስመርጥም፤ አስቀድሞ ድምፁን ለራሱ ወይም ለሚያምነው ሰው በውክልና ማስመዝገብ አለበት። ውክልናው የሚያስተላልፈው ድምፁን እንጂ ቶከኑን አይደለም፤ በፈለገ ጊዜም ያነሣዋል።

ቢንስቶክ በሚባል ሌላ ድርጅት የደረሰው ግን የከፋ ነው። ኤፕሪል 17 ቀን 2022፣ በፔሳህ ሳምንት፣ አንድ ሰው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ክሪፕቶ ለቅጽበት ተበደረ። እንዲህ ያለው ብድር በአንድ ትእዛዝ ውስጥ ተወስዶ በዚያው ስለሚመለስ መያዣ አይጠየቅበትም። በብድሩ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ድምፅ ያዘና ቀደም ሲል ራሱ ያስገባውን ሐሳብ አጸደቀ። ሐሳቡ የካዝናውን ገንዘብ ወደ እሱ የሚያዞር ነበር። ድምፁ ተቆጠረ፣ አለፈ፣ ኮምፒዩተሩም የታዘዘውን ፈጸመ። ኪሳራው ወደ 182 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። ከዘረፈው ላይ 250 ሺህ ዶላር ለዩክሬን እርዳታ መላኩን ምን እንበለው?

በዩኒስዋፕ እንዲህ ማድረግ ይከብዳል። ድምፅ የሚቆጠረው ምርጫው ሲከፈት በነበረው ይዞታ ስለሆነ በመሀል የተበደሩት አያገለግልም፤ የጸደቀውም ውሳኔ ሁለት ቀን ይጠብቃል። ስለዚህ ልጆቻችን ከመግዛታቸው በፊት ከቶከኑ ምን ያህሉ በጥቂት ሰዎች እጅ እንዳለና የጸደቀ ውሳኔ ስንት ቀን እንደሚቆይ አይተው ያስረዱን። መመለስ ካቃታቸው እኛ ገንዘብ ባንሰጣቸው እንመርጣለን።

ሽማግሌዎችና እናቶች ደግሞ ይህን ያዙ። ለመምረጥ ባለቤቱ በራሱ ዋሌት ያረጋግጣል እንጂ የዋሌቱን 12 ወይም 24 ምስጢራዊ ቃላት ለማንም አይናገርም። «ድምፅዎን እንዲሰጡ ቃላቱን ይላኩልን» የሚል መልእክት ከመጣባችሁ አትመልሱ፤ ቶከኑን ለገዛው ልጅ ወዲያው አሳዩት።