ከጠረጴዛዎ ሥር ያለው ቅርጫት

ከቢሮ ሳይወጡ ከጠረጴዛዎ ሥር ያለውን ቅርጫት እስቲ ይመልከቱ። የተበላሸ ደብዳቤ፥ አሮጌ ፖስታ፥ የሙዝ ልጣጭና ዘይት የነካው የምሳ መጠቅለያ ተደባልቀው ያገኛሉ። ጥፋቱ ከዚህ ይጀምራል። ወረቀት የሚሠራው ከእንጨት ቃጫ ነው፤ በውሃ ሲዘፈዘፍ ቃጫው ተላቆ እንደገና ወረቀት ይሆናል። ማቲያስ ኩፕስ የተባለ ሰው በ1800 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር፥ በእንግሊዝ አገር፥ ከተጻፈበት ወረቀት ቀለሙን አስለቅቆ አዲስ ወረቀት የሚሠራበትን ዘዴ በስሙ አስመዝግቧል። ዘይት የነካው ግን አይጠራም፤ ንጹሑንም ያበላሻል። ስለዚህ ሁለት ቅርጫት ያኑሩ፤ አንዱን ለንጹሕ ደረቅ ወረቀት፥ ሁለተኛውን ለሌላው ጥራጊ። ምሥጢር ያለበትን ደብዳቤ ግን አስቀድመው ይቅደዱት፤ አለዚያ ነገ የቆሎ መጠቅለያ ሆኖ ያገኙታል።